በሙስበሃ የተቆጠረ ውሃ

ወደዚህ ጽሑፍ ያመጣኝ በአንድ ወቅት አልፈልግም ብዬ የመለስኩት ፎቶግራፍ ነው። ባለፈው ጥቅምት የአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን ለቅሶ ለመድረስ ከአዳማ ወደ ጭሮ ሄጄ ነበር። ከለቅሶ ቤት ስመለስ በአሮጌው መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለው ጥግ ሳልፍ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው የተካ ፎቶ ቤት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ዕቃው ግማሹ ደጅ ወጥቶ አየሁ። ተካ የከተማውን ሰው ከክርስትናው እስከ መታወቂያው፣ ከሠርጉ እስከ ቀብሩ ፎቶ ሲያነሣ የኖረ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ካርቶን ሲያስር አገኘሁት።

«ጋሽ ግርማ! እርስዎ ነዎት? አረጁ እኮ!»

«አንተስ ምን ቀረህ?»

«እኔማ ድሮም ሽማግሌ ነበርኩ፤ ጸጉሬን በቀለም ነው የሸወድኳችሁ።»

ቤቱን ሊለቅ መሆኑን ነገረኝ። ዛሬ ሁሉም ሰው በኪሱ ፎቶ አንሺ ይዞ ይዞራል፤ የሚመጣለት ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ብቻ ነው፤ እሱም የቤት ኪራዩን አይሸፍንም። ከዚያ አንድ ቢጫ ፖስታ ከካርቶኑ ውስጥ ፈልጎ አወጣና፣ «ይሄንን ያስታውሱታል? ‹ዘበኛው ገብቶ አበላሽቶታል› ብለው መለሱልኝ። ሌላ አጠብኩልዎት። ይሄ እኔ ጋ ቀረ» አለኝ። ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙሬ እያየሁት ሳለ፣ «እኚህ ዘበኛም አረፉ አሉ፤ መቻራ፣ ልጃቸው ዘንድ። ሰምተዋል?» ሲል ጨመረ። አልሰማሁም ነበር።

ፎቶው የሠርጋችን ነው። እኔ ከድሬዳዋ የተገዛ ግራጫ ሱፍ ለብሻለሁ፤ እጅጌው በአንድ ጣት ያህል ይረዝማል። ባለቤቴ አስቴር የተከራየነውን ቬሎ ለብሳ፣ ጫፉ ጭቃ እንዳይነካው በግራ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ይዛዋለች። በመካከላችን በአሮጌ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ የበቀለ የግራቪሊያ ችግኝ አለ፤ በቀኝ እጄ ትንሽ መኮትኮቻ ይዣለሁ። ከኋላችን ውሃው ይታያል። በፎቶው ግራ ጠርዝ፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ከላይ የወታደር ኮት የደረበ፣ ቀጭን ረጅም ሰው ቀኝ እጁን አንሥቶ አፉን ከፍቷል። ያን ጊዜ ለጠየቀን ሰው እየመረቀን ነው ብለን ነበር። ይህ ሰው የግድቡ ጥበቃ ኦቦ ዩያ ነው፤ «ኦቦ» ማለት በኦሮምኛ «አቶ» እንደማለት ነው። እዚያ ከነበርነው ሰዎች የሚለው በትክክል የገባኝ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ወደዚያች ከተማ የተመደብኩት መንግሥት በተለወጠ በማግሥቱ፣ የመሥሪያ ቤቶች ታፔላ በየወሩ በሚቀየርበት ዘመን ነው። አንዳንዱ አሰበ ተፈሪ ይላታል፤ አንዳንዱ ጭሮ ይላታል፤ የአውቶቡስ ረዳቶች ግን ሁለቱንም አያይዘው ይጠሯታል። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ይጠጣል። ከሂርና የሚመጡት ሚኒባሶች ጣሪያቸው ላይ የሽንኩርት ጆንያ ቆልለው በመናኸሪያው በር ይተፋፈጋሉ። የጫት መኪኖች ከቀትር በኋላ መብራታቸውን አብርተው ጥሩምባቸውን እየነፉ ወደ ድሬዳዋ ሲከንፉ፣ መንገድ የሚሻገር ሁሉ ወደ ግድግዳ ይጠጋ ነበር። ልብስ ከድሬዳዋ ነው የሚመጣው፤ ሴቶቹ በአንድ ሳምንት ሁሉም አረንጓዴ ሻሽ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ወይን ጠጅ ሻሽ ያደርጋሉ፤ የገባው ጭነት የየትኛው ቀለም እንደነበር በዚያ ይታወቃል። ከየሙዚቃ ቤቱ በር የሚወጣው የኦሮምኛ ዘፈን፣ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚሰማው የመዘምራን መዝሙርና የመስጊዱ አዛን በመናኸሪያው ጥግ ላይ ይገናኛሉ። እኔ በመሥሪያ ቤቴ የውሃ ሥራዎች ቴክኒሻን ነበርኩ። በቦኬ የጉድጓድ ውሃ አስቆፍሬአለሁ፤ በመቻራ መንገድ፣ ቡና ከሚጭኑ መኪኖች ኋላ አቧራ እየጠጣሁ፣ የምንጭ ግንባታ ተቆጣጥሬአለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ የሞላሁት ቅጽ ጎድሎት ተመልሶብኝ አያውቅም። ይህንን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ግድቡ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ በስተ ግራ፣ በሁለት ጉብታዎች መካከል የተሠራ ትንሽ የአፈር ግድብ ነው። ከእኔ በፊት፣ ገበሬው ለሥራው ስንዴ እየተከፈለው በእጁ አፈር ተሸክሞ፣ በእግሩ ረግጦ የሠራው ነው። ሲታሰብ ለከብት መጠጫና ለጥቂት የአትክልት ማሳዎች ነበር። ሕዝቡ ግን ሌላ አገልግሎት ሰጠው። ወንዝ በጋ ላይ በሚደርቅበት በዚያ አገር፣ ዓመቱን ሙሉ ሰማይ የሚታይበት ውሃ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። አርብ ከጁምዓ በኋላ ወጣቶቹ የጫት ዙርባቸውን ታቅፈው፣ ፍራሽ ተሸክመው ይመጣሉ። እሑድ ደግሞ እኛ ከቸርች ስንወጣ ዳቦና ቆሎ ይዘን እንሄዳለን። አንድ ብየዳ ቤት ያለው ሰው አራት በርሜል አጋጥሞ ጀልባ ሠራ፤ አንድ ዙር በሃምሳ ሳንቲም ያዞር ነበር። ሐሊማ የምትባል ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት በውሃው ዳር የሸራ ዳስ ጥላ ሻይና ሳምቡሳ ትሸጣለች። ከጠዋቱ ነፋስ ጋር የሚመጣው የእርጥብ ሣርና የሳምቡሳ ዘይት ሽታ አሁንም አልፎ አልፎ፣ በማይጠበቅ ቦታ፣ አፍንጫዬን ያገኘዋል።

ኦቦ ዩያ የግድቡ ጥበቃ ነበር። ማሳውና ቤቱ ከግድቡ በታች፣ ሸለቆው ሰፋ በሚልበት ቦታ ነው። ግድቡ ሲሠራ አፈር ከተሸከሙት አንዱ ስለነበር ግድቡን የሚያየው ሰው የራሱን ቤት ግድግዳ እንደሚያየው ነው። ከእኔ በሃያ ዓመት ያህል ይበልጠኛል፤ ስለዚህ እኔ እርስዎ እለዋለሁ፤ እሱ አንተ ይለኛል። አማርኛውን የተማረው በከተማ ገበያና በወታደር ቤት ነው፤ ውሃን ሁልጊዜ እንደ ሴት ይጠራታል። በከተማው ልማድ የውሃ ሠራተኛ ሁሉ «ኢንጂነር» ስለሚባል፣ እኔንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኢንጂነር አለኝ፤ አለመሆኔን ብነግረው «ትሆናለህ፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ዘጋው።

የሠርጋችን ዕለት ወደ ግድቡ የሄድነው ተካ ስለመከረን ነው። ካሜራውን ደቅኖ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ከኋላችሁ ባዶ ነው። ሣር ብቻ! የሆነ ነገር ትከሉ እስቲ፣ ለልጆቻችሁ የምታሳዩት።» አስቴር ሐሳቡን ወደደችው። ከሚዜዎቹ አንዱ ሮጦ፣ ከሐሊማ ዳስ ደጃፍ በቆርቆሮ የበቀለውን የግራቪሊያ ችግኝ ለምኖ አመጣ። እኔ የአፈር ግድብ ጀርባ ላይ ከሣር በቀር ምንም መብቀል እንደሌለበት አውቃለሁ። የመጀመሪያው የሥልጠና ሳምንት ትምህርት ነው፤ ሥር ውሃ ፍለጋ ይሄዳል፤ ሥሩ በሄደበት ውሃው ይከተላል፤ ዛፉ ሲሞት ሥሩ ይበሰብስና ግድቡ ውስጥ ቧንቧ ትቶ ያልፋል። ይህንን እያወቅሁ መኮትኮቻውን ተቀበልኩ። ኦቦ ዩያ ያን ጊዜ ነበር እጁን አንሥቶ እየጮኸ የመጣው። «ኢንጂነር፣ እዚህ አይሆንም! ሂዳ ነው ይሄ፣ ሥር! ግድቧን ይበላታል!» ሚዜዎቹ ሳቁ። አንዱ፣ «ኦቦ ዩያ፣ ሙሽራ አይከለከልም» አለው። እኔም ሳቅሁ። አንዲት ችግኝ ናት አልኩ፤ በኋላ ነቅዬ ወደ ዳር አዛውራታለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ተካ ቁልፉን የተጫነው በዚያች ቅጽበት ነው።

አላዛወርኳትም። ከእኛ ቀጥሎ የተጋባ የቸርቻችን ልጅ፣ «የጋሽ ግርማ ዛፍ አጠገብ» ብሎ ጽድ ተከለ። ከዚያ አንድ የጫት ነጋዴ ልጁን ሲድር፣ ከሂርና በሦስት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይዞ መጣና ባሕር ዛፍ አስተከለ። ከዚያ በኋላ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ሙሽራ ወደ ግድቡ ሳይወጣ ሠርጉ እንደ ጎደለ ይቆጠር ጀመር። ሙሽራዋ በሁለት እጇ ውሃ ከግድቡ ጨልፋ ታጠጣለች፤ ወንዱ አፈሩን ይረግጣል፤ ተካ ያነሣል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባዶ የነበረው የግድቡ ጀርባ ጥላ ሆነ፤ «የሙሽሮች ጥላ» የሚል ስምም ወጣለት። በጋብቻቸው መታሰቢያ ቀን ባልና ሚስት እየመጡ ዛፋቸውን ይለካሉ፤ የተጣሉ ጥንዶች በዚያው ዛፍ ሥር በሽማግሌ ሲታረቁ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱን ዛፍ ቁረጡ ማለት የአንዱን ቤት ትዳር ቁረጡ ማለት ሆነ። የዓመታዊ ቁጥጥር ቅጹ «በግድቡ አካል ላይ ዛፍ አለ ወይስ የለም?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ በተከታታይ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ «ለጥላ የሚያገለግሉ ጥቂት ችግኞች» እያልኩ ሞላሁ። ቅጹ አልተመለሰብኝም።

የኦቦ ዩያ ልኬት የጀመረው በዚያ ወቅት ነው። አንድ ቀን ለቁጥጥር ስሄድ ከግድቡ በታች፣ ከግርጌው፣ የተሰነጠቀ ሸምበቆ አፈር ውስጥ ሰክቶ፣ ከሸምበቆው ጫፍ የአንድ ሊትር የዘይት ጠርሙስ ደቅኖ፣ በርከክ ብሎ አገኘሁት። በእጁ የጸሎት መቁጠሪያው፣ ሙስበሃው አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሐሊማ ከላይ ከዳሷ ሆና ትጮሃለች፦ «ኦቦ ዩያ ውሃዋን ዚክር አስተማራት! ነገ ሐጅ ትሄዳለች!» እሱ ጠርሙሱ ሞልቶ እስኪፈስ ቆየና ፍሬዋን በአውራ ጣቱ ያዛት።

«ሦስት ዙር ነው» አለኝ። «ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠና ዘጠኝ። አምና ይህች ቦታ ደረቅ ነበረች። አሁን ላብ ጀምራለች።»

«ሰዓት የለዎትም?»

«ሰዓት ከየት? ይህቺ አትቆምም፤ ባትሪ አትፈልግም።» ሙስበሃውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

ስርገት፣ ማለትም በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣ ውሃ፣ ያለበት የአፈር ግድብ ሁሉ አደገኛ አይደለም። ጥቂት የማያዛ የለም። ዋናው ነገር መጨመር አለመጨመሩ፣ ንጹሕ ወይም ድፍርስ መሆኑ ነው። ይህንን ነግሬው፣ በየጊዜው ለክቶ በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ አዘዝኩት። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደልና ቁጥር ተምሯል፤ በእርሳስ፣ በሻይ ቅጠል ካርቶን ጀርባ ላይ፣ ትልልቅ አድርጎ ይጽፋል። የመጀመሪያው ሪፖርት ለቢሮዬ ሲደርስ እንዲህ ይል ነበር፦ «ጠርሙስ 1። ሙስበሃ 2 ዙር። ውሃ ንጹሕ። ዩያ።» ቁጥሩ ከሦስት ወደ ሁለት ዙር መውረዱን፣ ማለትም ስርገቱ መፍጠኑን ልብ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ያየሁት ካርቶኑን ነው። አንድ ባለሙያ በሊትርና በሰከንድ የሚለካውን ነገር በጸሎት መቁጠሪያ ለበላይ ማቅረብ አሳፈረኝ። ቀይ ብዕር አነሣሁና በጠርዙ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «በጸሎት መቁጠሪያ የተወሰደ ልኬት ተቀባይነት የለውም። በሰዓት ተለክቶ ይቅረብ።» ፈረምኩ፤ ማኅተም አስደረግሁበት፤ ወደ ፋይሉ ገባ። ስጽፍ በግራ እጄ ላይ ሰዓት ነበረ። አውልቄ ልሰጠው አላሰብኩም። የሰዓት ግዥ ጥያቄ ጽፌ ላክሁ፤ መልስ አልመጣም፤ እኔም አልደገምኩም።

እሱ ግን መጻፉን አላቆመም። ካርቶኖቹ በየወሩ፣ አንዳንዴ በቡና ጫኝ መኪና ረዳት፣ አንዳንዴ በሐሊማ በኩል ይመጡልኛል። ሁለት ዙር። ሁለት ዙር ሊሞላ ትንሽ። አንድ ዙር ተኩል። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ተቀባይነት የለውም ያልኩትን ፋይል ውስጥ ማስገባት ሥርዓት ስላልመሰለኝ፣ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አጠራቀምኳቸው። አልጣልኳቸውም። ይህችን ያህል ለራሴ እመሰክራለሁ። አንድ እሑድ አስቴርና እኔ ከዛፋችን ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ ኦቦ ዩያ መጥቶ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ይቆረጥ፣ ኢንጂነር። አንተ የአንተን ቁረጥ፤ ሌላው ከአንተ አይቶ ይቆርጣል። ከአንተ አይቶ ነው የተከለው።»

አስቴር፣ «ኦቦ ዩያ፣ በእኛ ትዳር ላይ ምን አደረግንዎት?» ብላ ቀለደች። እሱ አልሳቀም። «እሺ፣ አስብበታለሁ» አልኩት። አስብበታለሁ ማለት በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ እሱም በፊቴ ላይ ያነበበው ይመስለኛል። እዚህ ላይ ያንን ሸለቆ ባለፈው ጥቅምት እንዴት ሆኖ እንዳየሁት ልንገራችሁ። ለቅሶውን ከደረስኩ በኋላ በገለምሶ መንገድ ወጣ ብዬ መኪና አስቆሜ ወረድኩ። ውሃው የነበረበት ሜዳ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ከዳር እስከ ዳር ጫት ተተክሏል። የግድቡ ሁለት ጫፎች እንደ ተሰበረ ድልድይ ግራና ቀኝ ቆመው ቀርተዋል። በቀኙ ጫፍ ላይ አንድ ባሕር ዛፍ አለ፤ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

የሆነው በአንድ የበልግ ወራት፣ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው። ያን ዓመት በልጉ በርትቶ ነበር። የአንድ ባልደረባችን ልጅ ተሞሽራ፣ እኔና አስቴርም በአጃቢዎቹ መኪና ውስጥ ሆነን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ግድቡ ስንወጣ፣ መኪኖቹ በመንገዱ መካከል ቆሙ። ጥሩምባው ይጮሃል፤ ከበሮው ይመታል። ከፊት ለፊት ኦቦ ዩያ በትሩን አግድም ይዞ መንገዱን ዘግቷል። ሚዜዎቹ ወርደው ይሰድቡታል። አንዱ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ጉቦ ፈልገህ ከሆነ ንገረን!» ይለዋል። ሌላው ኮቱን ይዞ ሊያስለቅቀው ይጎትተዋል። እኔ ወርጄ በመካከል ገባሁ።

«ምን ሆነዋል? ሠርግ እኮ ነው።»

«አስራ አንድ» አለኝ።

«ምኑ?»

«አስራ አንድ ፍሬ። ዙር አይደለም። ፍሬ! አስራ አንድ ስል ጠርሙሷ ሞልታ ፈሰሰች።» ጠርሙሱን ከኮቱ ሥር አውጥቶ ፊቴ ላይ ያዘው። ውሃው ቀይ ነበር። ከታች አንድ ጣት ያህል አፈር ተቀምጧል።

ድፍርስ ስርገት ማለት ውሃው ግድቡን ከውስጥ እያወጣው ነው ማለት ነው። ያንን ቀለም ስመለከት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ቅጽ ትዝ አላለኝም። ዞሬ ጮህኩ፤ መኪኖቹ እንዲመለሱ አዘዝኩ። በዛፎቹ ሥር ጫት ይዘው የተቀመጡትን፣ ሐሊማን፣ ባለ ጀልባውን፣ ሁሉንም አስነሣን። ሐሊማ የሻይ ብረት ድስቷን ትታ አልሄድም ስትል አስቴር እጇን ይዛ ጎተተቻት። ኦቦ ዩያ ግን ወደ ታች ሮጠ። ከግድቡ በታች ሰባት ቤቶች አሉ፤ የእሱ ቤት ለግድቡ ቅርብ የሆነው ነው። በራሱ ደጃፍ ሲያልፍ ሚስቱን በስም ተጣርቶ ሳይቆም አለፈ፤ መጀመሪያ የደረሰው መጨረሻ ካለው፣ አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት ካለችበት ቤት ነው። አሮጊቷን አዝሎ ወደ ጉብታው ሲወጣ አየሁት። አሥር ሰዓት ገና አልሆነም ነበር፣ የግድቡ ጀርባ መካከሉ ላይ በጸጥታ ዝቅ አለ። ዛፎቹ መጀመሪያ ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ እንደ ቆሙ፣ ቅጠላቸው ወደ ላይ እንደሆነ፣ ቁልቁል ሄዱ። ድምፁ የመጣው ኋላ ነው። ውሃው በየትኛው ዛፍ ሥር መንገድ እንደጀመረ ማንም ሊያውቅ አልቻለም። በእኔ ዛፍ ሥር ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ አይደለም ለማለትም የለኝም።

ሰው አልሞተም። ይህንን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ብቻዬን ደግሜዋለሁ። የኦቦ ዩያ ቤት፣ አንዲት የምትታለብ ላሙና ሃያ ዓመት ያለማው የጫት ማሳ ሄደዋል፤ ማሳው የነበረበት ቦታ ድንጋይና አሸዋ ሆኖ ቀረ። በሳምንቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ፣ «ጥበቃው አስቀድሞ ለምን አላሳወቀም?» የሚል እንደሆነ ስሰማ መሳቢያዬን ቆለፍኩ። ለምን እንደቆለፍኩት እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም። ካርቶኖቹን ከሌላ ሰው ለመጠበቅ ነው ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ተቆልፎ ቆየ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ኦቦ ዩያን ልጠይቅ ሄድኩ። ከጉብታው ላይ፣ ዘመዱ ግቢ ውስጥ፣ ከሐሊማ ዳስ በተረፈ ሸራ ሥር ተጠልሎ ነበር። ስለ ላሙ ተናገርኩ፤ ስለ ማሳው ተናገርኩ፤ እጁን እያወዛወዘ አስቆመኝ።

«ላም ሌላ ትመጣለች። ሥራውንም ተወው፣ አርጅቻለሁ። ብቻ ዩያ አልነገረም እንዳይሉ። አገሩ ሁሉ ‹ተኝቶ ነው› ይላል። ልጆቼ ይሰማሉ። አንተ ታውቃለህ፤ ዩያ ነግሯል በል። ሌላ አልፈልግም።»

«እላለሁ» አልኩት። ከዚያ አንድ ነገር ለመንኩት። ሙስበሃውን እንደዚያን ጊዜ እንዲቆጥር። ግራ ገብቶት አየኝና ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። እኔ እጅጌዬን ገለጥ አድርጌ የሰዓቴን ሰከንድ ቆጣሪ ተከተልኩ። አንድ ዙር ሲጨርስ ጻፍኩ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም አስቆጠርኩት። በሦስቱ መካከል የነበረው ልዩነት ከሁለት ሰከንድ አልበለጠም። ጎንበስ ብዬ ማስታወሻ ደብተሬን የዘጋሁት ፊቴን እንዳያይ ነው።

ሰኞ ጠዋት በመሳቢያዬ የነበሩትን አስራ ዘጠኝ ካርቶኖች በቅደም ተከተል አስሬ፣ የሰዓቱን ልኬት በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ ሙስበሃው ወደ ሰከንድ ሲመነዘር በየወሩ የነበረውን ጭማሪ በሠንጠረዥ አሳይቼ፣ ለኮሚቴው አቀረብኩ። በእውነት ለመናገር፣ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሪፖርቶች ሁሉ የተሟላው እሱ ነበር። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ሻይ አስመጡልኝ። ሠንጠረዡን አዩት። ከዚያ ዋናውን ፋይል ገልጠው፣ በመጀመሪያው ካርቶን ጠርዝ ላይ ያለውን ቀይ ጽሕፈት በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ያን ጊዜ ተቀባይነት የለውም ያሉትን ዛሬ ተቀበሉት የሚሉን በምን ምክንያት ነው?»

«ያን ጊዜ ተሳስቼ ስለነበር ነው። ሰውየው ነግሮኛል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ዛፉንም መጀመሪያ የተከልኩት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ግርማ፣ ሲሳሳቱ የጻፉት ማኅተም አለው። ዛሬ የሚነግሩን የለውም። ለሰውየው ማዘንዎን እንረዳለን።» ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ለበላይ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ጉዳዩ እልባት ያገኘ መሆኑ በቃል ተነገረኝ። ኦቦ ዩያ ወደ መቻራ፣ ወደ ልጁ ሄደ፤ እዚያ የቡና መጋዘን ይጠብቃል ሲሉ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ለሥራ ባለፍኩበት ፈልጌ አግኝቼው ነበር። ሰላምታዬን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ አስቴር፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ስለ ኮሚቴው የውሳኔ ደብዳቤ አንድም ቃል አላነሣም፤ ኢንጂነር ብሎም አልጠራኝም። «አቶ ግርማ» አለኝ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ስንለያይ ሰዓቴን አውልቄ ልሰጠው እጄን ሰድጄ ነበር። ፈገግ አለና ጣቶቼን መልሶ አጠፈልኝ።

ፎቶውን ወደ አዳማ ይዤው ስመለስ አስቴር መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እየመረቀን ነው ብለን እኮ ነበር» አለች። ከዚያ፣ «ይሄኛውን መመለስ አልነበረብህም» አለችኝ። ዛሬ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ያኔ ተካ ለውጦ ያጠበልን፣ ኦቦ ዩያ የሌለበት ፎቶ የነበረበት ቦታ ላይ ተሰቅሏል።

ደብዳቤውም ከእኔ ዘንድ አለ። ግልባጭ ከተደረገላቸው አንዱ ስለነበርኩ ነው። ሦስት ተራ ቁጥር አለው። በአንደኛው፣ ግድቡ ዳግመኛ እንደማይሠራና ቦታው ለሌላ አገልግሎት እንዲውል ይወስናል። በሁለተኛው፣ ጥበቃው የስርገቱን መጨመር ተቀባይነት ባለው መንገድ በወቅቱ ባለማሳወቁ ከሥራ እንዲሰናበት ይወስናል። በሦስተኛው፣ የውሃ ሥራዎች ቴክኒሻኑ ትክክለኛ ልኬት እንዲቀርብለት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳሰቡ በፋይሉ ስለተረጋገጠ፣ ከማንኛውም ተጠያቂነት ነጻ መሆኑን ያስታውቃል። የተጻፈው ሰኔ 21 ቀን ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ማኅተሙ ሸፍኖታል።